ደጋፊ ለቅሶ ሲደርስ

አንድ የቀድሞ ተጫዋች ሲሞት ቤተሰቡና ጎረቤቱ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ። ድንኳን ይተከላል፣ እድር ይጠራል፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ይወጣል፣ ሴቶቹ ወደ ማዕድ ቤት፣ ወንዶቹ ወደ መቃብር ቆፋሪው ይሄዳሉ። ግራ የሚገባው ደጋፊው ነው። ጅማ ከተማ፣ ቦሳ ኪቶ ወይም ሂርማታ መርካቶ ውስጥ ኳስ በሚታይበት ሻይ ቤት የተቀመጠ ወጣት ዜናውን ሰምቶ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር፣ አጠገቡ ያለው ሰው «ዘመድህ ነው እንዴ?» ይለዋል። ዘመዱ አይደለም። እጁን ጨብጦት አያውቅም፤ ተጫዋቹም የልጁን ስም ሰምቶ አያውቅም። ታዲያ የሚያስለቅሰው ምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። ደጋፊ የራሱን ሕይወት የሚቆጥረው በክለቡ ዓመታት ነው። የጅማ ልጅ ከሆነ 2010 ዓ.ም. ለእሱ ተራ ዓመት አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪምየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ያነሳው ያኔ ነው፤ ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢም የዓመቱ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኘ፤ የመልሱን ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎ በድምር ውጤት 2 ለ 1 ወደቀ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሊጉ ወረደ። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ማትሪክ የወሰድኩ ዓመት»፣ «አባቴ ሳይሞት»፣ «ከአጋሮ በሚኒባስ እየተጋፋን የመጣን ጊዜ» እያለ ነው የሚያስታውሰው። ከዚያ ቡድን አንድ ሰው ሲሞት የሚነካው ያ ዘመን ነው። ያ ዘመን ደግሞ የደጋፊው የገዛ ዕድሜ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የትውውቁ ዓይነት ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የቴሌቪዥን ተመልካች በስክሪን ላይ ከሚያየው ሰው ጋር አንድ ወገን ብቻ የሚያውቀው ወዳጅነት እንደሚመሠርት ጽፈው ነበር። ተመልካቹ የዚያን ሰው አነጋገር፣ አሳሳቅ፣ ሲናደድ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል፤ ሰውየው ግን ተመልካቹ መኖሩን አያውቅም። የእግር ኳስ ደጋፊ ከዚህም ያልፋል። ተጫዋቹ ኳስ ሲቀበል የትኛውን ትከሻ እንደሚያዘነብል፣ ፍፁም ቅጣት ምት ከመምታቱ በፊት ካልሲውን እንደሚጎትት ከገዛ ወንድሙ ጠባይ አስበልጦ ያውቃል። ይህን ያህል የሚያውቁት ሰው ሲሞት አለማዘን ነው የሚገርመው።

ኬኔት ዶካ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ምሁር ደግሞ በ1989 እ.ኤ.አ. ማኅበረሰቡ ዕውቅና ስለማይሰጠው ሐዘን ጽፏል። ሰው ከልቡ ያዝናል፤ ነገር ግን «አንተ ምን አገባህ?» ስለሚባል ሐዘኑን የሚወጣበት ቦታ ያጣል። የሻይ ቤቱ ወጣት ነገር ይኸው ነው። ለአጎቱ ቢሆን ሦስት ቀን ከሥራ ይቀር ነበር፤ ለተጫዋቹ ግን ሻዩን ጠጥቶ ወደ ሥራው መመለስ አለበት። ስታዲየም ውስጥ ማልያ ለብሶ በአንድነት ማዘን ያን ያህል ኃይል ያለውም ለዚህ ነው። ሺህ ሰው አብሮ ሲቆም ዘመድነትን የሚጠይቅ አይኖርም።

ስለ ጅማና ስለ እግር ኳስ ሐዘን ሲነሳ መዘለል የሌለባቸው አንድ ሰው አሉ፤ ይድነቃቸው ተሰማ። የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ ናቸው። ልጅየው አዲስ አበባ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ በ1928 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲመሠረትም ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ ማልያውን ለበሱ። ለ23 ዓመት አላወለቁትም። ስማቸው በሚነሳበት ሁሉ ለክለቡ 365 ጨዋታ ተጫውተው 318 ጎል እንዳስቆጠሩ ይጠቀሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው ከክለብ ይሰፋል። በ1957 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ብቸኛዋን ጊዜ ስታነሳ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ቡድኑን ያሰለጥኑ ነበር። ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው መሩ። ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ ከእግር ኳስ ሜዳ ውጪ እንድትቆይ ከታገሉት ግንባር ቀደሙ ናቸው፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ዓለም ዋንጫ የአፍሪካ ወንበር ከአንድ ወደ ሁለት ያደገውም በእሳቸው ዘመን ነው። ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ዛሬ ስማቸውን ይዟል። በስታዲየሙ ካታንጋና ሚስማር ተራ ተቀምጦ የጮኸ ሁሉ፣ አወቀም አላወቀ፣ በአንድ የጅማ ተወላጅ መታሰቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነው የጮኸው።

በነገራችን ላይ የጅማው ክለብም በሙት ስም የሚጠራ ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ያረፉት በ1932 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ እስካሁን አለ። ትሪቡን ላይ «አባ ጅፋር!» እያለ የሚዘምር ልጅ የንጉሡን ታሪክ አያነሳ ይሆናል፤ ስማቸው ግን በየሳምንቱ ከአፉ አይጠፋም። በስም ማስታወስ ለጅማ ደጋፊ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ደጋፊ ሲያዝን ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ነገር የመርዶን ሥርዓት ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው።

በእኛ አገር ሞት እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ የቅርብ ዘመድ በምስጢር ይጠራል፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ ይጠየቃል። ከዚያ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ወደ ሥራና ወደ ገበያ ሳይበተን፣ ጎረቤቱ በር ላይ ተሰብስቦ ይነገራል። እናትየዋ ስትወድቅ የሚደግፋት ሰው አስቀድሞ አጠገቧ ተቀምጧል። ይህ ሥርዓት በዘመናት የተፈተነ ጥበብ ነው፤ ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ሰቃ፣ ሊሙ ገነት ወይም ጌራ ባሉ የቡና ሰፈሮች እስካሁን በጥብቅ ይጠበቃል።

ስልክ ይህን ሥርዓት በሁለት ደቂቃ ያፈርሰዋል። አንድ ደጋፊ የተጫዋቹን ፎቶ ሻማ ጨምሮበት «ነፍስ ይማር ጀግናችን» ብሎ ይለጥፋል፤ ሌላው ያጋራዋል፤ አጋሮ ያለው የጎረቤት ልጅ ያየዋል፤ ለመርዶ የተጠሩት ሽማግሌዎች ገና ሳይሰበሰቡ ጩኸቱ ከግቢው ይነሳል። ለጣፊው ክፋት አስቦ አይደለም፤ ፍቅሩን ለመግለጽ ቸኩሎ ነው። ግን እናት የልጇን ሞት ከማታውቀው ሰው ገጽ ላይ እንድትሰማ ማድረግ፣ በእኔ አስተያየት፣ አንድ ደጋፊ ሊሠራው ከሚችለው ጥፋት ሁሉ ይከፋል፤ ዳኛ ከመስደብም፣ ወንበር ከመስበርም። ገና ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ «ሞተ» የሚባልበትም ሰው አለ። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ክለቡ ወይም ቤተሰቡ በይፋ ሳይናገር አትለጥፍ። አንደኛ ሆኖ የለጠፈ ሰው የሚያገኘው ሽልማት የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ቀብር ነው። እዚህ ላይ ጅማ የራሷ መልክ አላት፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ትሪቡን ይደግፋል፣ በአንድ እድር ይረዳዳል፣ የሚቀበረው ግን እንደየሃይማኖቱ ነው። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ጀናዛው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይወጣል። ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ይቀበራል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ የቀድሞ የቡድን ጓደኛ አይደርስ ይሆናል፤ ይህ የሟችን ክብር መቀነስ አይደለም፣ የሃይማኖቱ ትእዛዝ ነው። ያልደረሰ ሰው ታዚያ ይቀመጣል፣ ዱዓ ያደርጋል። ሐዘን የሚቀመጡትም በጥቅሉ ሦስት ቀን ነው፤ ባል የሞተባት ሚስት ብቻ አራት ወር ከአሥር ቀን ትጠብቃለች። ሟቹ ኦርቶዶክስ ከሆነ ደግሞ ፍትሐቱ፣ ሰልስቱ፣ አርባውና ሙት ዓመቱ አለ፤ ደጋፊው በቀብሩ ዕለት ባይገኝ በአርባው ሊገኝ ይችላል። እንዲያውም በአርባው የሚመጣ ሰው ይበልጥ ይከበራል፤ በቀብሩ ዕለት የነበረው ግርግር ያኔ የለማ።

ለደጋፊ የሚከብደው ማልያው ላይ ነው። ሬሳ ሳጥን ላይ የክለቡን ማልያ ወይም ባንዲራ ማልበስ በአንዳንድ ቀብር ላይ ይደረጋል፤ ለጀናዛ ግን አይሆንም። ፎቶ ከፍ አድርጎ መሄድ፣ መዘመር፣ ጡሩንባ መንፋትም እንደዚሁ አንዱን ቤተሰብ ያጽናናል፣ ሌላውን ይጎዳል። መጠየቅ ነው። የደጋፊ ማኅበሩ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ልኮ ከአጎቱ ወይም ከታላቅ ወንድሙ ጋር ይነጋገር፤ «ልጆቹ ማልያ ለብሰው ቢመጡ ቅር ይላችኋል?» ይበል። ቤተሰቡ አይሆንም ካለ ማልያው ለስታዲየም ይቆያል።

የደጋፊው የራሱ ቦታ ስታዲየም ነው። የህሊና ጸሎት የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁለቱ ቡድኖች በመሐል ሜዳው ክብ ዙሪያ ይቆማሉ፣ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ አንድ ደቂቃ ዝም ይባላል፣ ፊሽካው ሲደገም ጨዋታው ይጀመራል። ክለቡ ይህን በራሱ አይወስንም፤ ውድድሩን የሚመራውን አካል ጠይቆ ነው። ጥቁር ጨርቅ ክንድ ላይ ማሰርም እንደዚሁ አስቀድሞ ይነገራል። የዝምታው ልማድ ከእግር ኳስ አልመጣም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1918 እ.ኤ.አ.፣ ኬፕታውን ከተማ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለወታደሮቿ ዝም ትል ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ ወሰደችው፣ ከዚያ ወደ ሜዳው ገባ።

የሚያስቸግረው ዝምታውን ማስከበሩ ነው። ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ከአንድ ጥግ ፉጨት ይሰማል፣ ለውዝ ሻጩ ይጮሃል፣ ስልክ ይደውላል። እንግሊዞች ለዚህ አንድ መላ አግኝተዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ቤስት ሲሞት በብዙ ሜዳዎች ዝም ከማለት ይልቅ አንድ ደቂቃ ሙሉ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ጠግቦ ወይም በክብር ኖሮ ለሞተ ተጫዋች ጭብጨባው ተለምዷል። ሰው ሁሉ እጁ ሥራ ስለሚይዝ የሚረብሽ ይጠፋል። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጋናዊው ክርስቲያን አትሱ በቱርክ የመሬት መንቀጥቀጥ ሕይወቱ ሲያልፍ፣ ከኒውካስል ከለቀቀ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። አስከሬኑ በተገኘ ዕለት ኒውካስል ከሊቨርፑል ሲጫወት ቤተሰቡ ሜዳ ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ ስታዲየሙም በሙሉ አጨበጨበ። እኛ ዘንድ ጭብጨባ የደስታ ምልክት ስለሆነ ለቅሶ ላይ ማጨብጨብ ለአንዳንድ ሽማግሌ ነውር ሊመስል ይችላል። በእኔ በኩል በወጣትነቱ ለተቀጨ ዝምታው፣ ልጅ ልጅ አይቶ ላረፈ ጭብጨባው ቢሆን እመርጣለሁ።

በሌላው ዓለም ከዚህም የበዛ ይደረጋል። ፔሌ ሲሞት ሳንቶስ ክለብ አስከሬኑን በቪላ ቤልሚሮ ስታዲየም መሐል ለ24 ሰዓት አኑሮ ከ230 ሺህ በላይ ሰው እንደተሰናበተው አስታወቀ። ማራዶና በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ሲሞት የናፖሊ ደጋፊዎች በኮሮና ገደብ ውስጥ ሆነው ስታዲየሙን በሻማና በሻርፕ ከበቡት፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሳን ፓኦሎ የነበረው ስሙ ዲዬጎ አርማንዶ ማራዶና ሆነ። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎኤ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜዳ ላይ ወድቆ ሲሞት ማንቸስተር ሲቲ 23 ቁጥርን ለማንም ላለመስጠት ወሰነ። ይህ የመጨረሻው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውሳኔ ብቻ ነው፣ የትኛውም የአገራችን ክለብ ሊያደርገው ይችላል።

ገንዘብ የሚጠይቀው ቤተሰቡ ነው። ኳስ ተጫዋች የሚያገኘው በጉልበቱ ዘመን ነው፤ ጉልበቱ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ሟቹ ትንንሽ ልጆች ትቶ ከሆነ ደጋፊው ሻማ ከመግዛት ይልቅ መዋጮ ቢያዋጣ ይበጃል። መዋጮው ግን ሥርዓት ይኑረው። ሒሳቡ በአንድ ደጋፊ ስም አይከፈት፤ ቤተሰቡ የወከለው ሰው፣ ክለቡና ደጋፊ ማኅበሩ በጋራ ይፈርሙበት፣ የገባውና የወጣው በአርባው ቀን በጽሑፍ ለሁሉም ይነገር። በሟች ስም የተሰበሰበ ገንዘብ ያጣላቸው ማኅበሮች ስንት ናቸው! እድር ለመቶ ዓመት ያህል የቆየው ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ስላለው ነው።

ይህ ሁሉ አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም ታሪኩ ነው። እዚህ ላይ ደካሞች ነን። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ እንውሰድ። ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ሉቺያኖ የመጨረሻዎቹን አሥርት ዓመታት በጣሊያን ኖሮ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፈ። መንግሥቱ ወርቁ፣ የጊዮርጊስ ሰው፣ በአፍሪካ ዋንጫዎች 10 ጎል ያገባ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ተለይቷል። እነዚህ ዋንጫ ያነሱ ናቸውና ስማቸው ተጽፎ ይገኛል። በክልልና በክፍለ ሀገር ውድድር ለጅማ፣ ለአጋሮ፣ ለሊሙ የተጫወቱት ግን? ለሌላው የከተማው ክለብ ለጅማ አባ ቡና በ2009 ዓ.ም. በፕሪምየር ሊግ የተሰለፉት እንኳ ስንቶቹ በአንድ መዝገብ ይገኛሉ? የአንዱ ሞት ሲሰማ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር የተጫወተው? ስንት ጎል አገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ የሚያገኘው መልስ «ኧረ ብዙ ነው!» የሚል ብቻ ነው። ይድነቃቸው በ365 ጨዋታ 318 ጎል ተብለው ዛሬ የሚታወሱት አንድ ሰው ቁጥሩን ስለያዘ ነው።

ስለዚህ ቦሳ ኪቶ፣ ጅሬንም ሆነ አጋሮ ያላችሁ የድሮ ደጋፊዎችና የቀድሞ ተጫዋቾች አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ቤታችሁ ባለው አልበም ውስጥ የቡድን ፎቶ ካለ አውጡት። የቆሙትንና የተንበረከኩትን ከግራ ወደ ቀኝ ስማቸውን፣ ዓመቱን፣ የተጋጠሙትን ቡድንና ውጤቱን ከጀርባው ላይ ጻፉ። የማታስታውሱት ስም ካለ በሕይወት ያለውን የቡድን ጓደኛ ደውላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ፎቶውን በሁለቱም በኩል አንሱና አንዱን ቅጂ ለክለቡ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላውን ለደጋፊ ማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ።